ዴቲንግ አፕ ላይ አጭበርባሪ እንዳይበላችሁ፦ ከመጀመሪያው "ሃይ" እስከ መጀመሪያው ቀጠሮ

ዴቲንግ አፕ ላይ አጭበርባሪን በመልኩ ለመለየት መሞከር ትርፉ ድካም ነው። ፎቶው ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ነው። አጻጻፉንም ዛሬ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ያሳምርለታል። የሚያጋልጠው አካሄዱ ነው። አንዱ ወታደር ነኝ ይላል፣ ሌላው ባሕር ላይ ነዳጅ የሚያወጣ መሐንዲስ፣ ሌላዋ ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) የምትነግድ ቆንጆ። ታሪኩ ይለያያል እንጂ ቅደም ተከተሉ ብዙም አይቀየርም። ቶሎ ይወዷችኋል። ቶሎ ከአፑ ያስወጧችኋል። በአካል ለመገናኘት ሁሌም አንድ እንቅፋት አይጠፋም። ከዚያ የገንዘብ ጥያቄ ይመጣል።

"የሚሸወደው የዋህ ብቻ ነው" የሚለውን ወሬ እርሱት። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ64,000 በላይ የፍቅር ማጭበርበር ጥቆማዎች ለአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደርሰዋል። የተበላው ገንዘብ 1.14 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ይህ እንግዲህ አፍረው ዝም ያሉትን አይጨምርም።

ከወዲያኛው ጫፍ ያለውም አንድ ብልጣብልጥ ልጅ ላይሆን ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት፣ በማይናማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ ደግሞ ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች ታግተው የኦንላይን ማጭበርበር ሥራ ላይ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገልጿል። በፈረቃ ነው የሚሠሩት። የሚጻፈውም ተዘጋጅቶ ይሰጣቸዋል። ጠዋት "እንዴት አደርሽ ውዴ" ያለውና ማታ "ናፍቀሽኛል" ያለው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ስለዚህ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ። ልብ ከገባ በኋላ ማጣራት ከባድ ነው። አሁን የምነግራችሁን አብዛኛውን ነገር በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱት።

ደረጃ 1፦ ፕሮፋይላችሁን ስትከፍቱ

ለአፑ የተለየ ኢሜይል ክፈቱ። ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ያለውን ፎቶ እዚህ አትድገሙት። እናንተ የሰውን ፎቶ ጉግል ላይ እንደምትፈልጉ ሁሉ፣ እሱም የእናንተን ፈልጎ ሙሉ ስማችሁንና ቤተሰባችሁን ሊያገኝ ይችላል። የሥራ ባጅ፣ የመኪና ታርጋ፣ የቤት በር፣ የልጅ ዩኒፎርም ያለበትን ፎቶ ተዉት።

ብዙ ሰው የማያስበው ግን "ስለ እኔ" የሚለው ቦታ ላይ የሚጻፈውን ነው። "ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነኝ"፣ "ብቻዬን ነው የምኖረው"፣ "ፈጣሪን የሚፈራ ሰው እፈልጋለሁ" ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ አጭበርባሪው የሚጫወተውን ገጸ ባሕርይ እናንተው ጻፋችሁለት ማለት ነው። ነገ ሚስቱ የሞተችበት፣ ብቸኛ፣ ጸሎተኛ ሆኖ ይመጣል። እናንተም "እንዴት እንዲህ እንገጣጠማለን!" ትላላችሁ። የምትወዱትን ሙዚቃና የምትስቁበትን ነገር ጻፉ። ቁስላችሁን በአካል ለምታውቁት ሰው አቆዩት።

ቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያየው አድርጉ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም እግረ መንገዳችሁን አብሩት። ይህን ማረጋገጫ ዋትስአፕ ላይም አብሩት።

ደረጃ 2፦ ፎቶውን መርምሩ

ማች እንዳደረጋችሁ (ሁለታችሁም እንደተመራረጣችሁ)፣ ገና "ሃይ" ሳትባባሉ፣ ፎቶዎቹን ስክሪንሾት አንሱ። ፊቱን ብቻ ቆርጣችሁ ጉግል ሌንስና ቲንአይ በሚባሉት የፎቶ መፈለጊያዎች ላይ ፈልጉ። አንዱን ብቻ ሞክራችሁ አታቁሙ፣ ያሉትን ሁሉ ሞክሩ። ምንም ካልመጣ ፎቶውን ግራና ቀኙን ገልብጣችሁ ድገሙት። ፍለጋውን ለማሳት ብለው እንደ መስታወት ምስል የሚገለብጡ አሉ።

ያው ፊት በሌላ ስም፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ሙያ ከመጣ ነገሩ አለቀ። ማብራሪያ አትጠይቁ። ማብራሪያ መፍጠር ሥራው ነው።

ምንም አለመምጣቱ ደግሞ ሰውየው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በኤአይ የተፈጠረ ፊት ኢንተርኔት ላይ ሌላ ቦታ ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ ላይገኝ ይችላል። የጆሮ ጌጡ አንዱ ካንዱ ይለያል ወይ፣ ከኋላው ያለው ጽሑፍ ይነበባል ወይ ብሎ ማየት ይረዳል። ግን እንዲህ ያለው ስህተት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠፋ ነው። እኔ የበለጠ የማምነው የፎቶዎቹን ዝምድና ማየት ነው። የእውነት ሰው ፎቶ ዝብርቅርቅ ይላል፤ አንዱ ደብዛዛ፣ አንዱ ከጓደኛ ጋር፣ አንዱ ከዓመታት በፊት የተነሳ። አራቱም ፎቶ ከመጽሔት የወጣ መስሎ፣ አንድም ሌላ ሰው አብሮት ከሌለ ጠርጥሩ።

ፕሮፋይል ላይ "የተረጋገጠ" ለማለት የምትቀመጠዋን የሰማያዊዋን ምልክት ነገርም ላንሳ። ቲንደርና ባምብል በሚባሉት ዴቲንግ አፖች ላይ ያቺ ምልክት በመሠረቱ የምትናገረው አንድ ነገር ነው፦ ምልክቱን የወሰደው ሰው ያነሳው ሴልፊ፣ ፕሮፋይሉ ፎቶ ላይ ካለው ፊት ጋር ተመሳስሏል። ሐኪም ነኝ ማለቱን፣ ያላገባ መሆኑን፣ ቅንነቱን አታረጋግጥም።

ደረጃ 3፦ ቻቱን አንብቡት

የመጀመሪያው ምልክት ፍጥነት ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ "የሕይወቴ ትርጉም ሆነሻል" ያለ ሰው፣ የማን ትርጉም እንደሆናችሁ እንኳ ገና አያውቅም። ሁለተኛው ምልክት ለማንም ሊላክ የሚችል መልስ ነው። የጻፋችሁትን ረጅም ነገር አልፎ "ቀንሽ እንዴት ዋለ ንግሥቴ?" ካለ፣ ምናልባት ለአርባ ሰው በአንዴ እየላከ ይሆናል። አንድ ቀላል ፈተና አለ። ባለፈው ሳምንት የነገራችሁን ነገር ሆን ብላችሁ አዛብታችሁ ጥቀሱለት። "ወንድምህ ዳነ?" በሉት፣ ወንድም የለኝም ብሎ ከሆነ። "አዎ፣ ተመስገን" ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ሦስተኛው ምልክት ከአፑ ለመውጣት መጣደፍ ነው። "እዚህ ብዙ አልገባም፣ ቴሌግራም ላይ አውሪኝ" ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አፑ አጠራጣሪ መልእክት የሚለይበት ዘዴ አለው፣ ሰው ሪፖርት ሲያደርግም አካውንቱ ይዘጋል። ስለዚህ ሳይዘጋበት እናንተን ይዞ መውጣት ይፈልጋል። "ቢያንስ ሁለት ሳምንት እዚሁ እናውራ" በሉ። የእውነት የፈለጋችሁ ሰው ቢያኮርፍም ይቆያል።

እዚህ ጋ ሁለት ወጥመዶችን ለይታችሁ ያዙ። አንደኛው ኮድ ነው። "በስህተት ባንቺ ስልክ ኮድ ልኬ ነበር፣ ንገሪኝ እስኪ" ከተባላችሁ፣ የዋትስአፓችሁ ወይም የቴሌግራማችሁ መግቢያ ኮድ ሊሆን ይችላል። ከነገራችሁት አካውንቱ ይወሰዳል። ከዚያ በእናንተ ስም ለወዳጅ ዘመዶቻችሁ "ችግር ገጥሞኝ ነበር" የሚል መልእክት ይሄዳል። ሁለተኛው "ከመገናኘታችን በፊት ለደህንነት ተመዝገቢ፣ ነጻ ነው" የሚል ሊንክ ነው። ገጹ "ዕድሜዎን ለማረጋገጥ" ብሎ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል። ማንም ጤነኛ ሰው ለቀጠሮ ካርድ አያስመዘግብም።

ደረጃ 4፦ ቪዲዮ ኮል

በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ፣ አጭርም ቢሆን፣ በቪዲዮ ተያዩ። ካሜራው ተበላሽቷል፣ ካምፑ ይከለክላል፣ ኔትወርኩ ደካማ ነው የሚለውን አንዴ እሺ በሉ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ ካምፑም ካሜራውም የሉም ማለት ነው።

ሲደውል ፊቱን ወደ ጎን እንዲያዞር፣ እጁን ፊቱ ላይ እንዲያሳልፍ፣ ተነስቶ ወደ መስኮት እንዲሄድ እየቀለዳችሁ ጠይቁት። ፊት የሚቀይረው ቴክኖሎጂ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይንገዳገዳል፤ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ጣቱ ይሟሟል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የሆንግ ኮንግ ፖሊስ 27 ሰዎችን ይዟል። ቡድኑ በቪዲዮ ኮል ሳይቀር የቆንጆ ሴቶችን ፊት በኤአይ እየለበሰ ወንዶችን አፍቅረው ኢንቨስት እንዲያደርጉ ሲያግባባ ነበር። ጉዳቱ ወደ 46 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ስለዚህ በቪዲዮ አለመታየት ያስጥላል፣ መታየት ግን ብቻውን አያሳልፍም።

ደረጃ 5፦ የገንዘብ ወሬ ሲመጣ

ሕጉ አንድ መስመር ነው። በአካል አግኝታችሁት ለማታውቁት ሰው በምንም መልክ ገንዘብ አትላኩ። በባንክ ሆነ በሞባይል፣ በክሪፕቶ ሆነ በካርድ ቁጥር፣ ጥሬ ብር ሆነ የአየር ሰዓት፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። "ብድር ነው" ማለቱ ምንም አይቀይርም።

መልእክቱ ሲመጣ እንዲህ ይመስላል፦

"ውዴ፣ እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። የላኩልሽ እቃ ጉምሩክ ላይ ተያዘ። ውስጡ ላፕቶፕና ትንሽ ዶላር አስቀምጬልሽ ነበር። እስከ ነገ ካልተከፈለ ይወረሳል አሉኝ። እኔ ያለሁበት ቦታ ባንክ የለም። አንቺ ክፈዪው፣ ከዶላሩ ላይ ታወራርጂዋለሽ። ለእህትሽ ግን አትንገሪያት፣ ሰርፕራይዝ ይሁንላት።"

ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መጀመሪያ ስጦታ አለ፣ ባለዕዳነት እንዲሰማችሁ። ቀጥሎ ቀነ ገደብ አለ፣ እንዳታስቡ። እሱ ራሱ መክፈል የማይችልበት ምክንያት አለ። ኪሳራ እንደሌለው የሚያስመስል ተስፋ አለ። ከሁሉም የከፋው ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። እህት ከሰማች ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያበቃል፣ እሱም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሰው "ለማንም አትንገሪ" ባላችሁ ሰዓት ወዲያው ለአንድ ሰው ንገሩ። ከፍላችሁ ቢሆን ደግሞ እቃው አይመጣም፤ የሚመጣው ሁለተኛ ክፍያ ነው። ኢንሹራንስ ይባላል፣ ቅጣት ይባላል፣ ማጽደቂያ ይባላል።

ፈረንሳይ ውስጥ አንዲት ሴት ብራድ ፒትን የተዋወቀች መስሏት የተበላችው በዚሁ መንገድ ነው። መጀመሪያ የስጦታ ቀረጥ ተባለ። ኋላ ኩላሊቱን ታሟል፣ በፍቺው ምክንያት አካውንቱ ታግዷል ተባለ። በኤአይ የተሠሩ የሆስፒታል ፎቶዎችም ተላኩ። በድምሩ 830,000 ዩሮ ሄደ። ሰው ሲሰማ ሳቀባት። እኔ አያስቀኝም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ካለፈው በትንሹ ብቻ ከፍ እያለ ሲመጣ መቆሚያው የት እንደሆነ ከውስጥ ሆኖ ማየት ቀላል አይደለም።

ወታደር፣ የተባበሩት መንግሥታት ሐኪም፣ ነዳጅ ማውጫ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ "ፈቃድ ለመውጣት ክፍያ ተጠየቅሁ" ካለ፣ ውሸት ነው። ወታደርም ሆነ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ፈቃድ ለመውጣት ፍቅረኛውን አያስከፍልም።

ተቃራኒውም አለ። "በአንቺ አካውንት ገንዘብ ይግባልኝና ለአጋሬ አስተላልፊልኝ" የሚል። ገንዘቡ ከሌላ ተበዪ የመጣ ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ሲከታተል የሚያገኘው የእናንተን ስም ነው።

*ገንዘብ የማይጠይቀው አጭበርባሪ*

ይህኛው ረቂቅ ነው፣ ትልልቁን ገንዘብ የሚበላውም እሱ ነው። "የአሳማ እርድ" ይሉታል፤ ማደለብ ከዚያ ማረድ። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ለሳምንታት ምንም አይጠይቁም። ደህና ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ይመክራሉ። በመሀል "ዛሬ ጥሩ ትርፍ ወጣልኝ" ብለው የስልክ ስክሪን ይልካሉ። አንድ ገበያ የሚያውቅ አጎት አይጠፋም። ስትጠይቁ "ላንቺ ከባድ ነው ባክሽ" ብለው ይግደረደራሉ። እናንተ ስትለምኑ ነው የሚያስተምሩት።

ከዚያ ሊንክ ይላካል። ገጹ የተዋጣለት ነው፣ ግራፍ አለው፣ በቻት የሚረዳ "ደንበኛ አገልግሎት" አለው። ትንሽ ታስገባላችሁ፣ ታድጋለች። "እስኪ አውጥተሽ እዪው" ይላሉ። ታወጣላችሁ፣ እውነትም ይደርሳችኋል። ያቺ ማጥመጃ ናት። ቀጥሎ ቁጠባችሁን ታስገባላችሁ፣ ተበድራችሁም ትጨምራላችሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር እጥፍ ይሆናል። እነሱ በኪቦርድ የሚጽፉት ቁጥር ነው። ልታወጡ ስትሉ "መጀመሪያ ግብር ይክፈሉ" ይመጣል።

ማጣሪያው ይህን ይመስላል። የድረ ገጹን ስም፣ የድረ ገጽ ስሞችን ምዝገባ በሚያስተባብረው አይካን (ICANN) በሚባለው ተቋም የፍለጋ ገጽ ላይ አስገቡና መቼ እንደተመዘገበ እዩ። "ለዓመታት የታመነ" የሚል ገጽ ከሦስት ወር በፊት ተመዝግቦ ካገኛችሁት፣ በቃ። የአገሩ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሰጣቸው ዝርዝር ውስጥም ፈልጉት። አፑን በሊንክ ካልሆነ በቀር ማውረድ የማይቻል ከሆነ አታውርዱት። ገንዘቡ ገብቶ ግብር ከተጠየቃችሁ ደግሞ "ከትርፌ ላይ ቀንሱት" በሉ። እንቢ ይላሉ። የሚቀነስበት ገንዘብ የለማ!

ደረጃ 6፦ የእርቃን ፎቶ

አጭር ነው። ፊታችሁ፣ ንቅሳታችሁ ወይም ክፍላችሁ የሚታወቅበት ምስል ለማታውቁት ሰው አትላኩ፤ በቪዲዮ ኮልም አታድርጉት፣ ይቀረጻል።

ከሆነ በኋላ "ለጓደኞችሽ ሁሉ እልከዋለሁ" ተብላችሁ ከሆነ፣ አትክፈሉ። መክፈል መክፈል እንደምትችሉ ብቻ ነው የሚያሳየው። መልእክቱን ስክሪንሾት አንሱ፣ አካውንቱን ሪፖርት አድርጉ፣ ከዚያ ብሎክ አድርጉ። የጓደኞቻችሁን ዝርዝር ደብቁ። "ስቶፕ ኤንሲአይአይ" የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ምስሉን ከስልካችሁ ሳያስወጣ ዲጂታል አሻራውን ብቻ ወስዶ ለአባል ድርጅቶች ይሰጣል፤ እነሱም ያ ምስል ሲጫን ለይተው ለማገድ ይጠቀሙበታል። ከ18 ዓመት በታች ሳሉ የተነሱት ምስል ከሆነ "ቴክ ኢት ዳውን" የተባለው አለ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ

ቦታውን እናንተ ምረጡ፣ ሰው የሚበዛበት፣ በቀን። በራሳችሁ ትራንስፖርት ሂዱ፣ በራሳችሁ ተመለሱ። ለአንድ ጓደኛ የፕሮፋይሉን ስክሪንሾትና ቦታውን ላኩ፣ ላይቭ ሎኬሽን ክፈቱለት፣ የምትደውሉበትን ሰዓት ቁረጡ። መጠጣችሁን ጥላችሁ አትነሱ። ልትደርሱ ስትሉ "ቦታ ቀይሬያለሁ፣ እዚህ ነይ" ከተባለ ተመለሱ። ቦታው በሌላኛው ወገን ሲመረጥ ሌላም አደጋ አለ። ቆንጆዋ ከመጠጥ ቤቱ ጋር ተስማምታ የማይታመን ሂሳብ ይመጣል፣ በሩ ላይ ደግሞ ግዙፍ ሰው ቆሟል። ወንዶች ይህን ለሰው ስለማያወሩ ብዙም አይሰማም።

ደረጃ 8፦ ገንዘቡ ከሄደ

ከሁሉ በፊት ወደ ባንክ ወይም ገንዘብ ወደላካችሁበት አገልግሎት ደውሉ፤ "ተጭበርብሬ ነው የላክሁት፣ አግዱልኝ" በሉ። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ከደረሱ ሊያቆሙት ይችላሉ፣ ሲያድር ግን ዕድሉ ይጠባል። ክሪፕቶ ከሆነ የተላከው በራሱ አይመለስም፤ ቢሆንም የገዛችሁበትን ድርጅት አሳውቁ። ከዚያ የይለፍ ቃሎቻችሁን ቀይሩ፣ አካውንታችሁ በሌላ ስልክ ተከፍቶ ካለ ከዚያ አስወጡት።

ተናዳችሁ ቻቱን እንዳታጠፉት። አጭበርባሪውን ብትሰድቡት ደግሞ እሱው ያጠፋዋል፣ ስለዚህ እንደነቃችሁ ሳያውቅ ሰብስቡ፦ የፕሮፋይሉን ሊንክ፣ ዩዘርኔም፣ ስልክ፣ የተላከበትን የአካውንት ቁጥር ወይም የክሪፕቶ አድራሻ፣ ደረሰኝ። ይህን ይዛችሁ ለፖሊስና ለአፑ አመልክቱ።

ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሰው ሊመጣ ይችላል። "የተበላብዎትን ገንዘብ እናስመልሳለን" የሚል ሀከር፣ ጠበቃ፣ ወይም የፖሊስ አባል ነኝ ባይ። ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። አንዳንዴ ያው የበላችሁ ቡድን ነው፤ ስማችሁንና ያጣችሁትን መጠን ከየት አመጣው ብላችሁ ብቻ ጠይቁ።

የተያዘው የምትወዱት ሰው ከሆነ፣ እናታችሁ ብትሆን እንበል፣ "ተሸወድሽ እኮ!" ብሎ መጀመር በሩን ይዘጋዋል። እሷ ትከላከልለታለች፣ እሱም "ቤተሰብሽ እንደሚቀናብን ነግሬሽ አልነበር?" ይላታል። ይልቅ አጠገቧ ተቀመጡና ስለ እሱ እንድታወራላችሁ ጠይቁ። "ፎቶውን አብረን እንፈልገው?" በሉ። ስልኩን እሷው ትያዝ፣ የፍለጋውን ውጤትም እሷው ታንብበው። የዛሬው ካልሆነ ነገ ሌላ ጥያቄ አብራችሁ ሞክሩ፣ እስከዚያው ግን ምንም ሳትልክ እንድትቆይ ብቻ ቃል አስገቧት።